ጥፋቱ የማን ነው? ሰበብ ትቶ ድርሻን የመውሰድ አሠራር

ጅማ ውስጥ አንድ ቀን ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ዋሉ። አርፍዶ የመጣው «ባጃጅ አጥቼ ነው» ይላል። ባጃጅ ነጂው ደግሞ «መንገዱ ነው» ይላል። መስኮት ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ትላለች። ብድር ያልመለሰው «ጊዜው ነው» ይላል። ሰክሮ ያመሸው «ጓደኞቼ ናቸው» ካለ በኋላ፣ አልበቃ ብሎት ሰይጣንንም ይጨምርበታል።

ከዚህ ውስጥ ብዙው እውነት አለበት። ሲስተሙ አንዳንዴ በእርግጥ የለም። መንገዱም ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ሰበብ የሚያስቸግረውም እውነት ስላለበት ነው። ጥርት ያለ ውሸት ቢሆን ኖሮ እኛው ራሳችን አናምነውም ነበር።

ይህ መመሪያ ለክርስቲያን አንባቢ ነው። ኦርቶዶክስም ሁኑ ጴንጤ ወይም ካቶሊክ፣ አሠራሩ ብዙም አይለያይም። ሥራው ከጥፋቱ ውስጥ የራስን ድርሻ ሳያሳንሱ፣ ሳያጋንኑ፣ ሌላው እስኪጀምር ሳይጠብቁ መውሰድ ነው። «ሳያጋንኑ» ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። ትሕትና እየመሰለው የሰውን ሁሉ ጥፋት አዝሎ የሚዞር አለ። እሱን ሰባተኛው ላይ እናገኘዋለን።

1. ሰበባችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ

መጽሐፍ ቅዱስ ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሰበብ ይጀመራል። እግዚአብሔር አዳምን ከዛፉ በልቶ እንደሆነ ጠየቀው። «አዎ» ቢል ያልቅ ነበር። አዳም ግን «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት እርስዋ ከዛፉ ሰጠችኝና በላሁ» አለ (ዘፍጥረት 3፥12)። ሚስቱንም ከሰሰ፣ ሚስቱን የሰጠውንም ከሰሰ። «በላሁ» የምትለዋ ጭራ ላይ ተወሽቃ ቀረች። ሔዋን ወደ እባቡ አሳለፈችው። እባቡ አልተጠየቀም እንጂ ቢጠየቅ እሱም የሚለው አያጣም ነበር።

ሁለት ቁጥር ወደ ኋላ ብትመለሱ ምክንያቱ ይታያል። አዳም «ፈራሁ» ይላል፤ ፈርቶ ተሸሸገ። ሰበብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከፍርሃት ነው። ስለዚህ ሰበብ ስትደረድሩ ራሳችሁን ከያዛችሁ፣ መጀመሪያ «ምን ፈርቼ ነው?» በሉ። ደሞዝ እንዳይቆረጥብኝ ነው? ቤት እንዳይጮህብኝ? ሰው ፊት እንዳላፍር? ጅማ ላይ ወሬ ከመርካቶ ኮጪ ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ብቻ ምን እንደሆነ እወቁት።

ከአዳም ሌላም አሉ። አሮን የወርቁን ጥጃ ሲጠየቅ ወርቁን እሳት ላይ ጣልኩት፣ «ይህም ጥጃ ወጣ» አለ (ዘጸአት 32፥24)። በራሱ ወጣ እንግዲህ! እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 4 ላይ ግን በመቅረጫ የቀረጸው እሱ ነው። «ፋይሉ ጠፋ»፣ «ወጡ አረረ»፣ «ቀጠሮው ተረሳ» ስንል የአሮን ልጆች ነን።

ሮቤል «ብያችሁ አልነበረም?» ባይ ነው (ዘፍጥረት 42፥22)። እውነቱን ነው፤ ዮሴፍን ሊያድነው ሞክሮ ነበር። ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለአባቱ እውነቱን ሲነግር አናነብም። ጲላጦስ ደግሞ ውሃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ፤ ትእዛዙን የሰጠው ግን ራሱ ነው። «ከላይ የመጣ ነው» የሚባለው የቢሮ መልስ ከዚያ ይመዘዛል።

ለኔ ከሁሉም የሚከብደኝ የሳኦል ነው (1ኛ ሳሙኤል 15)። ፈጽሞ እንዲጠፋ የታዘዘውን ከብት ይዞ መጥቶ፣ በጎቹ እየጮኹበት፣ መጀመሪያ ሕዝቡን አመካኘ። ቀጥሎ «ለእግዚአብሔር ልንሠዋው ነው» አለ። መንፈሳዊ ሰበብ ማለት ይህ ነው። ሥራውን ጥሎ «ጸሎት ላይ ነበርኩ» የሚል ሰው፣ ወይም ብድር ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ የሚዘጋ ሰው የሳኦል ዘመድ ነው። የሚከብደውም ሰሚው መልስ ስለሚያጣ ነው። ጸሎትን ማን ይቃወማል?

በእኛ ቤት በጣም የበዛው ግን «አህያውን ቢፈሩ ዳውላውን ይመታሉ» የሚባለው ነው። አለቃው የተቆጣው ሰው ተላላኪው ላይ ይጮሃል። ቤት ውስጥ የጠፋ ማንኪያ ሁሉ በሠራተኛዋ ይሳበባል። ጥፋት ሁልጊዜ አቅም ወደሌለው ሰው የሚንከባለል ከሆነ፣ እዚያ ቤት ድርሻውን ያልወሰደ ሰው አለ።

2. ከመናገራችሁ በፊት ጻፉ

ነገሩ ትኩስ ሳለ አታስረዱ። ሰው ሲደነግጥ አፉ የሚያወጣው ሰበብ ነው። ወረቀት ያዙ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። እንበል ጅማ አቅራቢያ፣ ማና ወረዳ፣ ሁለት ወንድማማቾች ቡና እኩል አላቸው። ወሩ ኅዳር ነው። እሸቱ ተለቅሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ እየደረቀ ነው። ታላቅየው ለቅሶ ሊደርስ ጅማ ገባ። ታናሽየው ቡናውን እንዲጠብቅ ተነገረው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ኳስ አለ። ለጎረቤት ልጅ «ደመና ካየህ ሸራውን አልብሰው» ብሎ ዲኤስቲቪ ቤት ገባ።

ዝናቡ መጣ። ልጁ ሸራውን ጎትቶ አለበሰ። ሸራው ግን መሃሉ የተቀደደ ነው። ታላቅየው «አዲስ እገዛለሁ» ካለ ሰንብቷል። ሁለት ፈረሱላ ያህል ራሰ። ማታ ታናሽየው መጥቶ አየና ደነገጠ። እንዳይታይበት የራሰውን ከሌላ ሦስት ፈረሱላ ደረቅ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ጋር ቀላቀለው። ወንድሙ ሲደውልለት «ሁሉም ደህና ነው» አለ። ከቀናት በኋላ ማዳበሪያው ሲፈታ ሁሉም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል።

አሁን ታናሽየው ይጻፍ። ደንቡ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እሱ ባደረገው ነገር ይለቅ። «ራሰ»፣ «ተበላሸ»፣ «ዘነበ» ወረቀቱ ላይ አይግቡ። እንዲህ ይሆናል፦

«ቅዳሜ ከሰዓት ቡናውን ትቼ ኳስ ለማየት ሄድኩ። የራሴን ሥራ ለሕፃን ልጅ ሰጠሁ። ሸራው መቀደዱን እያወቅኩ ሌላ መሸፈኛ አላዘጋጀሁም። የራሰውን ከደረቀው ጋር ቀላቀልኩ። ወንድሜን ዋሸሁት።»

አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ሲጻፍ ያሳፍራል፤ የሚጻፈውም ለዚያ ነው። ከጻፋችሁ በኋላ በተበደለው ሰው ዓይን አንድ ጊዜ አንብቡት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እናንተ የዘለላችሁት መስመር እሱ የሚያስታውሰው ሊሆን ይችላል። እዚህ ጉዳይ ላይ ታላቅ ወንድም ከቡናው ይልቅ የሚያንገበግበው «ሁሉም ደህና ነው» የተባለው ይመስለኛል።

3. በሦስት ክፈሉት

ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉ። የኔ፣ የሌላ ሰው፣ የማንም ያልሆነ።

የማንም ያልሆነው ዝናቡ ነው። ኅዳር ላይ ዝናብ ሲመጣ ጥፋተኛ አይፈለግለትም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ኢየሱስ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው (ዮሐንስ 9፥2-3)። ሰው ደግሞ ለሁሉ ነገር ጥፋተኛ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሌላ ሰው የሚለው ዓምድ ውስጥ ሸራው ይግባ። እሱ የታላቅየው ነው። የጎረቤት ልጅ ስም ግን አይጻፍ። ልጁ የተባለውን አድርጓል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ጆሮው የሚቆነጠጠው እሱ ነው።

የቀረው ሁሉ የታናሽየው ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡን እዩት። ዝናቡና ኳሱ አንድ ላይ ያበላሹት ሁለት ፈረሱላ ነው። ሦስቱን ያበላሸው መደበቁ ነው። ከመጀመሪያው ጥፋት ሁለተኛው በለጠ። ዳዊትም እንዲሁ ነው የገባበት፤ ከኦርዮ ሚስት ጋር የሠራውን ለመሸፈን ሲሞክር ኦርዮን ራሱን አስገደለ (2ኛ ሳሙኤል 11)። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚለው አባባል ልብ ካላሉት እዚህ ድረስ ያደርሳል። ስለዚህ ድርሻችሁን ስትጽፉ መደበቂያውን ከመጀመሪያው ጥፋት ለይታችሁ ጻፉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያምናል፣ ሁለተኛውን ይውጠዋል።

ሲያልቅ ወረቀቱን እጠፉትና የራሳችሁ ዓምድ ብቻ ይታይ። ሌላውን አትቅደዱት። ኢየሱስ «አስቀድመህ ከዓይንህ ምሰሶውን አውጣ» ሲል፣ በወንድምህ ዓይን ያለው ጉድፍ ይቅር አላለም። መጀመሪያ ያንተ ይውጣ፣ ከዚያ አጥርተህ ታያለህ ነው ያለው (ማቴዎስ 7፥5)። የሸራው ነገር ቀኑ ይመጣል። ዛሬ አይደለም።

4. ወደ እግዚአብሔር ቅረቡ፣ እዚያ ግን አትደበቁ

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ወረቀቱን የማንበብ ያህል ግልጽ አድርጋችሁ ተናገሩ። «በማወቅም ባለማወቅም» ብላችሁ ጠቅልላችሁ አትለፉት። ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ በጸሎት ተናዘዙ፣ ለምታምኑት አንድ ወንድም ወይም እህትም ንገሩ፤ ያዕቆብ «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ይላል (5፥16)። ጸሎት ቃል ካጣችሁ መዝሙር 51 አለላችሁ፤ በግዕዙ ቁጥር 50 ነው። ዳዊት ናታን ሲገሥጸው የመለሰው «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ብቻ ነው። ቤርሳቤህ በእኔ አንጻር ለምን ታጠበች አላለም።

ክርስቲያን ጥፋቱን ለማመን ከማንም የተሻለ ምክንያት አለው። አዳም የሸሸው ፍርዱን ፈርቶ ነው። እኛ ግን ክርስቶስ ፍርዱን በመስቀል ላይ ተሸከመልን ብለን እናምናለን። ይህን እያመንን ጥፋታችንን የሚሸከም ሌላ ሰው የምንፈልግ ከሆነ፣ በእሑድ ያልነውን ሰኞ ክደነዋል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰውን በድሎ ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ መጨረስ ይመቻል፤ እግዚአብሔር ቡና አልጠፋበትም። ኢየሱስ ግን መባህን ስታቀርብ ወንድምህ የተቀየመብህ ትዝ ካለህ መባውን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ ብሏል (ማቴዎስ 5፥23-24)። ስቅለት ቀን ካህኑ በወይራ ቸብ አድርገው የሚሰጡት ስግደት ለነፍስ ነው። የወንድምን ቡና አይተካም። የሚያውቁ ንስሐ አባትም «የወሰድከውን መልሰሃል?» ብለው ይጠይቃሉ።

5. ሂዱና ንገሩት

ጊዜና ቦታ ምረጡ። ጅማ ላይ ነገር ሁሉ ቡና ላይ ይወራል፤ ይህ ግን ቡና ላይ አይሆንም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ ባለበት ብትናገሩ፣ ተበዳዩ ሰው ፊት ስለሆነ ብቻ «ተወው» ይላል። ያ ይቅርታ በጉልበት የተወሰደ ነው። ሐሙስ ገበያ መሃልም አታቁሙት። ብቻውን አግኙት፤ በአካል፣ በእሱ ቤት ቢሆን ይመረጣል። ቴክስት አትላኩ። ሩቅ አገር ካለ ደውሉ።

ጠቡ ከከረረ ወይም የሚፈራ ነገር ካለ ሽማግሌ ላኩ። አካባቢያችን በዚህ አይታማም፤ በኦሮምኛ ጃርሱማ የሚባለው የሽማግሌ እርቅ እዚህ ሥር የሰደደ ነው። ብቻ ሽማግሌዎቹ እናንተን እንዲያስረዱ አትላኳቸው። በር እንዲያስከፍቱ ነው የሚሄዱት። ጥፋቱን የምትናገሩት ራሳችሁ ናችሁ። የበደላችሁት ሰው ሙስሊም ጎረቤታችሁ ከሆነ፣ እሱ የሚያከብራቸው አንድ የሰፈር አባት አብረዋችሁ ቢሄዱ ጥሩ ነው። ያን ቀን ስለ ሃይማኖታችሁ አትስበኩ። ይቅርታ ልትጠይቁ ነው የሄዳችሁት።

ቃላችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የጠፋው ልጅ መንገድ ከመጀመሩ በፊት የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር (ሉቃስ 15፥18-19)። ንግግሩ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ተመልከቱ። አገሩ ላይ ጽኑ ራብ ገብቶ ነበር፤ ራቡን አላነሳም። አባቱ ገንዘቡን ባይሰጠው ኖሮ አይባክንም ነበር፤ እሱንም አላነሳም። «በሰማይና በፊትህ በደልሁ» አለ።

ታናሽየው እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ወንድም ጋሼ፣ ቅዳሜ ለታ ቡናውን ትቼ ኳስ ላይ ነበርኩ። ሁለት ፈረሱላ ራሰብን። እንዳታይብኝ ብዬ ከደረቀው ጋር ቀላቀልኩት፤ አሁን አምስቱም ሻግቷል። ስትደውልልኝም ዋሸሁህ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ። ያንተን ድርሻ እተካለሁ።»

ከዚያ ዝም ይበል። ይህ ዝምታ ከንግግሩ ይከብዳል፤ ሰበብ ሾልኮ የሚገባው እዚህ ነው። ታላቅየው ይቆጣ ይሆናል። «ልጁስ? አልብስ ብለኸው አልነበር?» ይለው ይሆናል። መልሱ «ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ሥራው የኔ ነበር» ነው። በቃ።

የሚበላሹባቸውን አነጋገሮች ታውቋቸዋላችሁ። «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» ሲባል ጥፋቱ የሰሚው መቀየም ይሆናል። «ይቅርታ፣ ግን...» ከተባለ ከ«ግን» በፊት ያለው ተሠረዘ። «ሁላችንም ሰው ነን» እውነት ነው፣ ቡናውን ያበላሹት ግን ሁላችንም አይደለንም። ጾም ሲገባ ወይም ለጉዞ ስንነሳ «በስህተትም በድፍረትም ያስቀየምኳችሁ ካለ» እያልን በጅምላ የምንልከው መልእክትም አለ። ልማዱ መልካም ነው፣ እኔም አልጠላውም። ስሙንና ቀኑን ለምታውቁት በደል ግን አይሆንም።

ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካለ አመስግኑ። ካላለ አታስገድዱት። «ይቅርታ ጠየቅኩ እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ማለት ጥፋቱን መልሶ እሱ ላይ ማሸከም ነው። ይቅርታ መጠየቅ የእናንተ ነው፤ መቼ ይቅር እንደሚል የእሱና የእግዚአብሔር ነው።

6. መልሱ፣ ከዚያ አሠራሩን ቀይሩ

ዘኬዎስ ኢየሱስ ቤቱ በገባ ቀን ያለቀሰ አይመስልም፤ ሉቃስ የጻፈልን ሒሳብ ነው። ግማሽ ሀብቴን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (19፥8)። በኦሪት ዘኍልቍ 5፥7 ደግሞ የበደለ ሰው ይናዘዝ፣ ሙሉውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበት ይላል። በኦሪት ሕግ ሥር አይደለንም። ልኩ ግን ጥሩ ልክ ነው፤ የተበደለው ሰው የጠፋበት ዕቃው ብቻ አይደለምና።

በፈረሱላ እናስላው። አምስት ፈረሱላ ተበላሸ። የታላቅየው እኩሌታ ሁለት ተኩል ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 42.5 ኪሎ ይመጣል። አምስተኛ እጁ ግማሽ ፈረሱላ ነው። ሲደመር ሦስት ፈረሱላ፣ 51 ኪሎ። አሁን ከሌለው ከሚቀጥለው ለቀማ ይሰጣል፣ ወይም በጉልበቱ ይከፍላል። ይጻፍ። ጳውሎስ እንኳ ለአናሲሞስ ዕዳ «እኔ እመልሰዋለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል (ፊልሞና 19)፤ ያውም የራሱ ዕዳ ሳይሆን።

የተቀደደው ሸራ ከዚህ ይቀነስ? እናንተ አታንሱት። ታላቅየው ራሱ «ሸራውን አለመግዛቴም አለበት» ካለና ከቀነሰ ተቀበሉ። ካላነሳ፣ ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ስትመካከሩ «ሸራ እንግዛ» በሉ። ያኔ ክስ አይመስልም። ሻጋታ የነካው ቡና ለአቅራቢ ተሽጦ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ የተበደለ ሰው አለ። እሱም ጋ ይኬዳል። ይህን የሚዘል ብዙ ነው።

ከዚያ አሠራሩ ይቀየር። መጥምቁ ዮሐንስ ንስሐ የሚገቡት «ምን እናድርግ?» ሲሉት ለእያንዳንዱ በሥራው መለሰለት፦ ቀራጮችን ከታዘዘላችሁ አትጨምሩ፣ ወታደሮችን በማንም ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው (ሉቃስ 3፥12-14)። ለወንድማማቾቹም እንዲሁ ነው። ቡና አልጋ ላይ እያለ የሚጠብቅ ትልቅ ሰው ይኑር። መሄድ ካለበት ደውሎ ተተኪ ይጠይቅ።

እድርና የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴም በዚሁ መንገድ ይድናሉ። የእድሩ ድንኳን ተቀዶ ሲገኝ «ባለፈው ለቅሶ ላይ ነው» እየተባለ ስንት ስብሰባ ያልቃል! ሲወጣ ተቆጥሮ፣ ሲመለስ ተቆጥሮ፣ ተረካቢው ይፈርም። አስረካቢና ተረካቢ ሲታወቅ ሰው ጥፋቱን ለማመን ይቀለዋል።

7. የእናንተ ያልሆነውን አትሸከሙ

ባሏ የሚመታት ሴት «እኔ አበሳጭቼው ነው» ስትል ትሰማላችሁ። አይደለም። የመታው እጅ የእሱ ነው፤ ድርሻውም የእሱ ነው። እሷ አምዷ ላይ ብትጽፈው ለእሱ ሰበብ አቀበለችው ማለት ነው። ሽማግሌም ሆነ አገልጋይ «ቻዪው፣ ድርሻሽን ውሰጂ» ብሎ የሚመልሳት ከሆነ፣ ይህን መመሪያ ገልብጦ ይዞታል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ብቻችሁን አትነጋገሩ። መጀመሪያ አስተማማኝ ቦታ፣ የሚታመን ዘመድ፣ ሐኪም፣ ፖሊስ። ይቅር ማለት ክስን አያስቀርም፣ ተመልሶ መኖርንም አያስገድድም።

የወላጅ ጥፋትም የልጅ አይደለም። በሕዝቅኤል ዘመን ሰዎች «አባቶች ጎምዛዛ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» ይሉ ነበር። እግዚአብሔር ይህን ተረት ከእንግዲህ አትተርቱ አላቸው (ሕዝቅኤል 18፥2-3)። አባታችሁ ያጠፋውን መጠገን ብትፈልጉ መልካም ነው፤ ማፈር ግን የለባችሁም። ልጃችሁ ታሞ «በኔ ኃጢአት ነው» ብላችሁ ሌሊቱን የምታነጉም፣ ዮሐንስ 9ን ደግማችሁ አንብቡ።

ሌላው በእርግጥ በድሏችሁ ከሆነም ዝም ማለት ግዴታ አይደለም። ማቴዎስ 18፥15 «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ እሱና እናንተ፣ ካልሰማ ከአንድ ወይም ከሁለት ምስክር ጋር፣ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል።

8. ልጆች

ሕፃን ልጅ ሲሮጥ በርጩማ ጠልፎት ይወድቃል። ያቺ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ! ይጮሃል። አያት ብድግ ይሉና በርጩማዋን በጥፊ ይሏታል፦ «ማናት የመታችህ? ይቺ ናት? እንኪ! እንኪ!» ልጁ እንባውን ሳይጨርስ ይስቃል፣ እሱም ይመታታል። ፍቅር ነው፤ አያቶችን አልነካም። ግን ልጁ የመጀመሪያውን የሰበብ ትምህርት ተማረ። በሚቀጥለው «አይዞህ፤ ስትሮጥ እግርህን እያየህ» ማለት ይበቃል። እሱንም ማቀፍ አይከለከልም።

ከፍ ያለ ልጅ ዕቃ ሲሰብር «ማነው የሰበረው?!» ብላችሁ በቀበቶ ከመጣችሁ፣ የምታገኙት መልስ የአዳም ነው። እሱም ፈርቷል። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ምን ሆነ? ንገረኝ» በሉት። እውነቱን ሲናገር፣ እውነት በመናገሩ አይገረፍ። የጠፋውን ግን ይተካ።

የሰበረው የጎረቤት ሲኒ ከሆነ አብራችሁት ሂዱ። በራሱ አፍ ይናገር፤ አታስታውሱት፣ አታሳጥሩለት። ጎረቤቲቱ «ኧረ ተይው፣ ልጅ አይደል እንዴ!» ብላ ታቋርጠው ይሆናል። አመስግኑና እሱ ይጨርስ። ሐሙስ ገበያ ስትወጡ ይዛችሁት ውጡ። ሲኒውን እሱ ይምረጥ፣ ከተጠራቀመለት የበዓል ብር ጥቂት ያዋጣ፣ ራሱ ወስዶ ይስጣት።